የምንጩ አቤቱታና የጡት አባቴ

ትልልቅ ሰዎችን ከቅርብ አውቃቸዋለሁ። ይህን ስል እንደ አሰላ ወሬኛ ከመኪናቸው መስኮት ሲያልፉ አየኋቸው ማለቴ አይደለም። ማዕዳቸው ላይ ቀርቤአለሁ፤ ሲቆጡም ሲፈሩም አይቻለሁ፤ ደብዳቤአቸውን ጽፌላቸዋለሁ። በአንዳንዶቹ ስም የተመሰገነው አማርኛ የእኔ ነው። አራት ዓመት የሕዝብ እንደራሴ ሆኜ አዲስ አበባ ተቀምጫለሁ፤ የትምህርት ቤት በር ግን አንድ ቀን ረግጬ አላውቅም። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ወረቀት ታቅፈው አንድ ማመልከቻ መጻፍ የሚያቅታቸውን ሳይ እስቃለሁ።

ስለ እነዚያ ሰዎች ብዙ ይወራል፤ የሚያወሩት ግን ወይ አወዳሾቻቸው ናቸው ወይ ደጃቸውን ያላዩ። እኔ ከሁለቱም አይደለሁም። የምጽፈው ያሳደገኝ ሰው እንዴት እንደ ከዳኝ ነው። የከዳኝም የራሴን ነገር ይዤ ሳለሁ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልናገረውም ነበር። ያን ጊዜ በእጄ የነበረው የአሥራ አንድ ሽማግሌዎች ስምና የከብቶቻቸው ውሃ ነው።

በመጀመሪያ እንዴት እንደ ተማርኩ ልንገር። ይህን ሳልናገር የቀረሁበት ጊዜ የለም፤ አሁንም አልቀርም።

አባቴ ከሸዋ የመጣ ወታደር፣ እናቴ የአርሲ ልጅ ነበሩና ሁለቱን ቋንቋ ያገኘሁት አፌን ስፈታ ነው። ፊደልን ግን ማንም አልሰጠኝም። ሃያ ዓመት ካለፈኝ በኋላ አሰላ ገበያ አጠገብ፣ ከጉራጌ አገር በመጣ አንድ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ጨውና ስኳር እየመዘንኩ እሠራ ነበር። የጭላሎ ብርድ በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ ስላስቸገረ ነጋዴው ከቢሮ የተጣለ ጋዜጣ እየሰበሰበ በሊጥ ለጠፈበት። ማንበብ አይችልምና ግማሹን ገልብጦ ነው የለጠፈው። እኔ ፊደሉን ከአንድ ቄስ የፊደል ገበታ ላይ በሳምንት ለየሁት፤ የቀረውን ከግድግዳው ተማርኩ። በሚዛኑ በኩል ያለው ጋዜጣ በሙሉ የተዘቀዘቀ ነበር፤ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምቆመው ሚዛኑ ጋ ነው። ስለዚህ ቀጥ ካለው ጽሑፍ ይልቅ የተዘቀዘቀውን አጥርቼ አነብ ጀመር። ነጋዴው ነገሩ ገብቶት፣ "አንተ ሰውዬ፣ የምትመዝነው ስኳሩን ነው ግድግዳውን?" ይለኝ ነበር።

ይህ ችሎታ በኋላ ከብዙ ዲፕሎማ በለጠ። ሹም ፊት እጅ ነሥቶ የቆመ ሰው ከጠረጴዛው ማዶ የተዘረጋውን ወረቀት ማንበብ ከቻለ፣ ሹሙ "እናያለን" ሲለው ምን እንዳየ አስቀድሞ ያውቃል። በአሰላ ይህን የሚችል ከእኔ በቀር አልነበረም፤ ከነበረም ራሱን ደብቋል።

ከሱቁ ወጥቼ ከፍርድ ቤቱ ማዶ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘረጋሁና ማመልከቻ ጸሐፊ ሆንኩ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ባለጉዳይ ከዴራም፣ ከጎበሳም፣ ከበቆጂም እኔን ብሎ ይመጣ ጀመር። ሌሎቹ ጸሐፊዎች ልመና ይጽፋሉ፤ እኔ ግን ነገር ነበር የምጽፈው። ለእያንዳንዱ ባለጉዳይም አንድ ምክር እሰጥ ነበር፤ ግልባጩ እጅህ ይቅር፣ የመዝገብ ቤቱን ቁጥር ሳታስጽፍ ከግቢው አትውጣ፣ ቁጥር የሌለው አቤቱታ ሳይወለድ እንደ ሞተ ልጅ ነው፣ የሚያለቅስለት የለም እል ነበር። ይህን ቃል በኋላ ሌሎች ጸሐፊዎች እንደ ራሳቸው ሲናገሩት ሰምቻለሁ። የእኔ ነው።

የጡት አባቴን ያገኘሁት በዚህ ጥላ ሥር ነው። ፊታውራሪ ነበር፤ በጠቅላይ ግዛቱ ካሉት ታላላቅ ሰዎች አንዱ፣ ቃሉ አዲስ አበባ የሚደርስ። አንድ የወሰን ክርክር ገጥሞት ጠበቃዎቹ ሁለት ዓመት ሲያንከባልሉበት እኔ በአንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩለትና ረታ። ሰው ልኮ አስጠራኝና እያገላበጠ አየኝ። "ይህን የጻፈው ይኼ ነው?" አለ ወደ አሽከሩ ዞሮ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤቱ አልጠፋሁም። እንግዳ ሲመጣ ጋዜጣ ገልብጦ ፊቴ ይዘረጋና ያስነብበኝ ነበር፤ እንግዶቹ ሲደነቁ እሱ እንደ ራሱ ሥራ ይኮራል። እኔም እኮራ ነበር፤ አልዋሽም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎችን አስቀምጦ፣ አውራ ጣቱን ማር አስቀብቶ ዘረጋልኝ። ተንበርክኬ ጠባሁት። በእኛ አገር ይህ ቀልድ አይደለም። የጡት ልጅ የሆነ ሰው እንደ ወለዱት ነው፤ ወርሶ ባይበላ እንኳ አይሸጥም፣ አይካድም። ሽማግሌዎቹ መረቁን። እሜቴ፣ ባለቤቱ ማለቴ ነው፣ ጋቢ አለበሱኝ። ወላጅ አባቴ ከሞተ ቆይቶ ስለ ነበር በዚያ ቀን አለቀስኩ።

አዲሱ ሕገ መንግሥት ወጥቶ ሕዝቡ እንደራሴውን ይምረጥ በተባለ ጊዜ፣ የጡት አባቴ "አንተ ግባበት" አለኝ። ለተወዳዳሪነት የሚያበቃ መሬት በስሜ አዞረልኝ። ማንበብ ለማይችለው መራጭ ሲባል እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ምልክት ነበረው፤ የእኔ ጃንጥላ ነበር። በበቆጂ ገበያ ላይ ቆሜ በሁለት ቋንቋ ስናገር አንድ ገበሬ ከኋላ፣ "ጃንጥላው ትንሽ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ለአንድ ሰው ነው የሚበቃው" ብሎ ሕዝቡን አሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የሆነ ሆኖ ተመረጥኩ። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች የአባቶቻቸውን ስም ሲቆጥሩ እኔ የሕዝቡን ችግር በኦሮምኛ የተናገርኩ ብቸኛው ሰው ነበርኩ። ፊታውራሪው ባይኖርም እመረጥ ነበር ብዬ ለብዙ ዓመት አምኛለሁ። አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

አዲስ አበባ ስገባ ሕግ የሚወጣበት ቤት የገባሁ መስሎኝ ነበር። ሕግማ ይነበባል፤ እጅ ይወጣል፤ ይጨበጨባል። ነገሩ የሚያልቀው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ በየታላላቁ ሰው ግቢ፣ ጠዋት፣ በር ላይ። ደጅ መጥናት የባላገር ሥራ ይመስለኝ ነበር። እዚያ ስደርስ እንደራሴውም፣ ዳኛውም፣ ዋና ጸሐፊውም በየማለዳው በየአለቃው በር ላይ ቆሞ አየሁት። አለቃው ደግሞ ከእሱ በላይ ባለው ሰው በር ላይ ቆሞ ሊሆን ስለሚችል ይዘገያል። ጥበቡ ቀደም ብሎ መድረስ አይደለም። ጌታው ሲወጣ ዓይኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ መቆም ነው። እኔ በሦስት ሳምንት ለየሁት፤ የፈረንሳይ ትምህርት የተማሩ ሰዎች ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

ከእነዚያ ሰዎች የተማርኩትን ሳልደብቅ ልናገር። "አይሆንም" የሚባል ቃል የላቸውም። እናያለን፣ ይታሰብበታል፣ ነገ ብቅ በል ይላሉ፤ ሰውየው ነገ ብቅ እያለ ያረጃል። ባላገሩ ጌቶች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስለዋል፤ አንዱ ቢበድለው ሌላው ጋ ሄዶ ይከሳል። አይጣሉም። የተጣሉ መስለው ይደራደራሉ እንጂ። እንግሊዝ አገር ደርሶ የተመለሰ አንድ እንደራሴ ጓደኛዬ፣ በዚያም አገር ምክር ቤት ውስጥ ሲሰዳደቡ ውለው ማታ አንድ ክበብ ውስጥ አብረው እንደሚጠጡ አጫወተኝና፣ "እኛ ስድቡን ብቻ ነው የዘለልነው" አለኝ። ሳቅን። እኔ ግን በልቤ የእኔ ጌታ እንደዚያ አይደለም፣ አባቴ ነው እል ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ክረምት ምክር ቤቱ ሲዘጋ ወደ አሰላ ተመለስኩ። ሻንጣዬን ሳላወርድ አንድ ሐጂ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ሐጂው ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ካለ መንደር የመጡ፣ የእናቴ ወገን፣ በነገር አዋቂነታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ጉዳያቸው ሆራ ነው። ሆራ ጨው ያዘለ ምንጭ ነው፤ በአርሲ ደጋ ከብት ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ካልጠጣው ይከሳል፣ ላሟ ወተቷ ይደርቃል፣ ጥጃዋን ትጥላለች። መንደሩ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሚያጠጣበትን ሆራ፣ ከአዲስ አበባ መሬት በስጦታ ያገኘ አንድ ታላቅ ሰው ከነመስኩ በሽቦ ሊያጥረው ካስማ ተክሏል። ለሚቀጥለው በጋ ሽቦው ይመጣል ተብሏል። ሌላው ሆራ በሽርካ በኩል የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነው፤ ለወለደች ላም የማይታሰብ።

ነገሩ የሚሆን ነበር። በስጦታው ደብዳቤ ላይ ምንጩ አልተጻፈም። ወረቀቱን ራሴ አይቼዋለሁ፤ በየትኛው ጠረጴዛ ላይ፣ በየትኛው በኩል እንደሆነ አልናገርም። ሽቦው ሳይተከል አቤቱታው ወደ ላይ ከደረሰ ምንጩ ለሕዝብ ይቀራል። ከተተከለ በኋላ ግን የተተከለ ሽቦ ሲነቀል አላየሁም።

አቤቱታውን በሁለት ቀን ጻፍኩ። ከጻፍኩት ሁሉ የሚበልጥ ነበር። አሥራ አንድ ሽማግሌዎች በጣታቸው ሊፈርሙ ቤቴ ተሰበሰቡ፤ ስማቸውን በዕድሜ ቅደም ተከተል ጻፍኩ። ሐጂው ቀለም የነካ ጣታቸውን አንሥተው ቆዩ።

"ጣቴ ካረፈ እኔ ራሴ እዚህ ወረቀት ላይ ነኝ" አሉኝ በኦሮምኛ። "ወረቀቱ የት ያድራል?"

"አባቴ ቤት" አልኳቸው።

"አባትህን አውቀዋለሁ። ቀብሬዋለሁ።"

"የጡት አባቴን ማለቴ ነው።"

ወደ ሌሎቹ ዞር ብለው አዩና ጣታቸውን አሳረፉ። ሌሎቹም ተከተሉ።

በማግሥቱ ይዤው ሄድኩ። የጡት አባቴ ምሳ ቀርቦለት ነበር፤ እጄን አስታጥቦ ከጎኑ አስቀመጠኝ። ጉዳዩን በአፌ ነገርኩት፤ ባለመሬቱ ማን እንደሆነም ነገርኩት። "እሱ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ውሃ የሚያጥረው?" ብሎ በመናቅ ሳቀ። ወረቀቱን ተቀብሎ ሳያነበው ከተቀመጠበት ምንጣፍ ሥር አደረገው። "ይኼን እኔ በእጄ ለሚመለከተው እሰጠዋለሁ፤ በመዝገብ ቤት ከሄደ አቧራ ይበላዋል" አለኝና አጎረሰኝ።

ግልባጭ አላስቀረሁም፤ ቁጥርም አላስጻፍኩም። ለአንድ ሺህ ባለጉዳይ የመከርኩትን እኔ ለራሴ ረሳሁት ብል ውሸት ነው፤ አልረሳሁትም። ጉርሻውን እያላመጥኩ አስቤዋለሁ። ግን አባትን ደረሰኝ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ አገሬን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ጣቱን የጠባሁለትን ሰው "ተቀብያለሁ ብለህ ፈርምልኝ" ማለት አላምንህም ማለት ነው። አፌ ደግሞ ሞልቶ ነበር።

በጥቅምት ወደ ምክር ቤት ተመለስኩ። ከአዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ጽፌ ጠየቅሁት፤ በሁለቱም "በእጅ ነው፣ አይዞህ" የሚል መልስ መጣ። ሐጂውም ወደ አሰላ በሚመላለሱ ሰዎች በኩል ሁለት ጊዜ አስጠየቁኝ፤ እኔም "በእጅ ነው" አልኳቸው። እውነትም በእጅ ነበር።

በጥር ለጥምቀት አሰላ ገብቼ መጀመሪያ የሄድኩት እሱ ቤት ነው። እልፍኙ ውስጥ እንግዳ ነበር፤ ያ ባለመሬት። ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሳሳቃሉ። ፊታቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ብርሌ ጠጅ፣ በብርሌዎቹም መሃል አንድ ወረቀት ተዘርግቷል። በሩ ላይ ቆሜ እጅ ስነሣ ጽሑፉ ወደ እነሱ እንጂ ወደ እኔ አልነበረም። ለእኔ ልዩነት የለውም። የራሴ እጅ ጽሑፍ ነው። ከእያንዳንዱ ስም ጎን፣ ከእያንዳንዱ የጣት አሻራ አጠገብ፣ በቀይ ቀለም አጭር አጭር ማስታወሻ ተጽፎበታል። በጡት አባቴ እጅ ነው፤ የእሱን ጽሑፍ ከራሴ እኩል አውቀዋለሁ። ከአንዱ ስም ጎን "ልጁ በእኛ መሬት ጢሰኛ ነው" ይላል። ከሌላው ጎን "ፈሪ ነው፤ ቢጠራ ይበቃዋል" ይላል። ከሐጂው ስም ጎን "ቀንደኛው" ይላል።

እንግዳው እስኪሄድ ቆምኩ። በኋላ የጡት አባቴ ተቀመጥ አለኝ፤ አልተቀመጥኩም።

"አነበብከው" አለ።

"አዎን ጌቶች።" አባቴ ማለት አቃተኝ።

"አንተ ፊት ወረቀት እንደማይደበቅ አውቃለሁ። ልደብቅህም አልፈለግሁም። ልጄ የሰውየውን ልጅ ሊያገባ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ነው ሠርጉ።" ረጋ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ልክ ምሥራች እንደሚነግረኝ። "አንተም ሚዜዎቹን ትመራለህ።"

"ሰዎቹ እኔን አምነው ነው የፈረሙት።"

"እኔን አምነው አልፈረሙም፤ አየህ? ለእኔ ምኔ ናቸው? አንተ ልጄ ነህ፤ እሱ ዘመዴ ሊሆን ነው።"

"አቤቱታው የእርስዎ አልነበረም። ለላይ ነው የተጻፈው።"

ያኔ ፈገግ አለ። "ቁጥር አስጽፈህበታል?"

"አላስጻፍኩም።"

"እንግዲያው ምን ሰጠኸኝ?"

ወጥቼ እስከ ገበያው ድረስ በእግሬ ስወርድ ሰላም ያሉኝን ሰዎች አላየኋቸውም፤ እንደራሴው ኮራ ተብዬ ታምቻለሁ። ነገሩ የገባኝ እየሄድኩ ነው። ሌሎች ወላጆች ለልጃቸው ጋብቻ ቀሚስና ወርቅ ይዘው ይሄዳሉ። እሱ ለልጁ ጥሎሽ ይዞ የቀረበው የእኔን አቤቱታ ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለውን ተረት ሺህ ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ መዋኘት ግን አልተማርኩም።

የቀረው በቅደም ተከተል ሆነ፤ ቅደም ተከተሉም እኔ የጻፍኩት ነበር። የባለመሬቱ ወኪል ሽማግሌዎቹን በዝርዝሩ መሠረት አንድ በአንድ አስጠራቸው። ፈሪ የተባሉት በአንድ ቀን "ተታልዬ ነው" ብለው ቃላቸውን ሰጡ። ጢሰኛ የተባለው የሽማግሌው ልጅ ከነእህሉ ከመሬቱ ተነሣ። ሐጂው ሕዝብ አነሣሥተዋል ተብለው አሥራ ሁለት ቀን ታስረው ወጡ። ከዚያ በኋላ ሽቦው መጣ። በበሩ ዘበኛ ቆመ፤ ከብቱን ማጠጣት የፈለገ በባለመሬቱ እርሻ ላይ ሁለት ቀን ይሠራ ተባለ።

ሐጂው ከእስር ሲወጡ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ነገሩን ሁሉ ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ ምሳውንም ጉርሻውንም ነገርኳቸው። ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"ወረቀቱን ስትሰጠው አነበበው?"

"አላነበበም። ምሳ ላይ ነበርን።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዳይቀየሙኝ በምክር ቤት እንደምናገርላቸው፣ በዚህ ጊዜ በራሴ ስም ብቻ እንደምፈርም ነገርኳቸው። "በስምህ ከሆነ መልካም ነው" አሉኝና የእንግዳ ወተት አስቀረቡልኝ። ወተቱ ስስ ነበር።

ተናገርኩም። ይህን ማንም አይነፍገኝም። ሌሎች እንደራሴዎች ስለ ምንጭ የሚናገር ሰው ሲያዩ ሊስቁ ተዘጋጅተው ነበር። ሆራ አጥታ ጥጃዋን ስለምትጥለው ላም ስነግራቸው ግን ከባላገር የመጡት ሁሉ ጸጥ አሉ። የባለመሬቱን ስም አልጠራሁም፤ የጡት አባቴንም አልጠራሁም። እንደራሴ ጓደኛዬ ኮቴን ከኋላ ጎተት እያደረገ "ይበቃል" ይለኝ ነበር። አልበቃኝም። ጉዳዩ ለሚመለከተው ኮሚቴ ይመራ ተባለ፤ ተመራ። የምክር ቤቱ ዘመን ሲያልቅ መልሱ ገና አልደረሰም ነበር። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ያሉት አባቶች፣ ስለ ንጉሥ ዘመድ ዘመዶች ምንም ሳይሉ ማለፋቸው ያስገርመኛል።

ለሠርጉ አልተጠራሁም። ቢሆንም ለደስታው እጅ ልንሣ ሄድኩ፤ ለምን እንደ ሄድኩ እስካሁን አላውቅም። ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ "ጌቶች የሉም" አለኝ። የጡት አባቴ በረንዳው ላይ ቆሞ ይታየኝ ነበር። ዘበኛውም እያየሁ እንደሆነ ያውቃል፤ አፍሮ መሬት መሬት ያያል። ለእኔ ያፈረ ሰው በዚያ ግቢ እሱ ብቻ ነው። በስሜ የዞረው መሬትም ወዲያው ተመልሶ ዞረ። ቀድሞም የእኔ አልነበረምና በዚህ አልከሰውም። የምከሰው በሌላው ነው።

ሁለተኛው ምርጫ ሲደርስ ያጠራቀምኩትን አፍስሼ ትንሽ መሬት ገዛሁና ገባሁበት። የትም ቦታ ስናገር ሰው ያዳምጠኛል፤ እንደ እኔ የሚናገር ስላልነበረ። ከሐጂው መንደር አንዲት ድምፅ አላገኘሁም። የተመረጠው ከዴራ በኩል መጥቶ የተቀመጠ፣ አማርኛው የተሰባበረ፣ የታላላቆቹን በር ቀርቶ የወረዳውን ሹም በር የማያውቅ አንድ ቆዳ ነጋዴ ነበር። በጣም ተናደድኩ። ለእነሱ ስል አባቴን ያጣሁ ሰው ነኝ፤ እነሱ ደግሞ እኔን በቆዳ ነጋዴ ለወጡኝ።

ወደ ቆርቆሮው ጥላ ተመለስኩ፤ በዚያችው በገዛኋት መሬት ላይም ሁለት ላሞች ያዝኩ። አንደኛዋ በጥቢ ወልዳ ወተቷ እየቀነሰ መጣ። ሆራ እንደሚያስፈልጋት ለማወቅ ሐኪም አልፈለግሁም። አንድ ማለዳ ሁለቱን ነድቼ ወደ ሽቦው ሄድኩ። ሁለት ቀን ሠርቶ ማጠጣት ውርደት አይደለም ብዬ ለራሴ ነግሬ ነው የሄድኩት፤ እንዲያውም የባለመሬቱ ወኪል የቀድሞውን የሕዝብ እንደራሴ ማጭድ ይዞ ሲያይ ይፈር ብዬ ነበር።

የምንጩ ዘበኛ ከሩቅ ለየኝ። ሮጦ በሩን ከፈተው። ሌሎች ሦስት ገበሬዎች ከብቶቻቸውን ይዘው ከበሩ ውጪ ተራ ይጠብቃሉ፤ ከዘበኛው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ዘበኛው ያያሉ።

"ይግቡ ጌታዬ" አለኝ ዘበኛው። "እርስዎ የቤት ሰው ነዎት ተብሎ ተነግሮናል። እርስዎን ሥራ አንጠይቅም።"

"ማን ነው የነገራችሁ?"

"ፊታውራሪው ናቸዋ።"

ላሞቹ ውሃው ሸቷቸው ወደ ውስጥ ይጎትቱኝ ጀመር። ከገበሬዎቹ ሁለቱ እኔ በጻፍኩት ዝርዝር ላይ የነበሩ ሰዎች ልጆች ናቸው። በሕይወቴ ብዙ ከባድ ነገር ሠርቻለሁ፤ እነዚያን ሁለት ላሞች ከተከፈተ በር ላይ መመለስን የሚያህል ግን አልሠራሁም። ዱላ ሰበርኩባቸው። ዘበኛው "ምን ሆኑ ጌታዬ?" እያለ ተከተለኝ።

በሦስተኛው ቀን ለሽርካው ሆራ ተነሣሁ። የሐጂው መንደር ከብት ቀድሞ ወጥቶ ስለ ነበር አቧራውን እያየሁ ተከተልኩት። አንድ ቀን ተኩል በእግሬ፣ የወለደች ላም እየነዳሁ፤ ሐምሳ ዓመት የቀረበኝ ሰው ነበርኩ፤ አልደከምኩም። አልጠበቁኝም፤ አላባረሩኝምም። እዚያ ስደርስ ሐጂው ከውሃው ዳር በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል። ጥቂት ራቅ ብዬ ቆምኩ። በመንገድ ላይ ሳሰላስለው የመጣሁትን ጠየቅኋቸው።

"በምርጫው የፈረዳችሁብኝ ስለ ወረቀቱ ነው?"

ሐጂው ከብቶቻቸውን እያዩ መለሱልኝ። "አልፈረድንብህም። የተናገርክልንን ሰምተናል፤ መልካም ተናገርክ።"

"ታዲያ ያን ነጋዴ ምን አይታችሁ?"

"አባት የለውም" አሉ። "አባት የሌለው ሰው ነበር የፈለግነው።"

የእሳቸው ከብቶች የውሃውን ዳር ሙሉ ይዘውት ነበር። ጥቂት ቆይተው ዱላቸውን አንሥተው ሁለት በሬዎቻቸውን ወደ ጎን ገፋ አደረጓቸው፤ ላሞቼ በዚያ ቦታ ገብተው ጠጡ።